ዊንዶውስ አፕዴት ከተደረገ በኋላ ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። በዚህ ሰበብ ላፕቶፑን ወደ ዊንዶውስ 11 ያሻገረ ሰው ብዙ ነው። ቀድሞ የተሻገረውም ቢሆን በየዓመቱ አንድ ትልቅ አፕዴት ይመጣለታል። ከዚያ የሚከተለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ላፕቶፑ ደህና ነው፤ ዋይፋዩ ግን አልሄድ አለ።»

መልሶቹ የተጻፉት ለዊንዶውስ 11 ነው። አብዛኛው ሰው ዊንዶውሱን በእንግሊዝኛ ስለሚጠቀም የሜኑዎቹን ስም እንደሚነበበው አስቀምጬዋለሁ።

አፕዴቱ ካለቀ ገና ጥቂት ሰዓት ነው። ምን ላድርግ?

ለጊዜው ምንም። አፕዴቱ «ጨርሻለሁ» ካለ በኋላም ዊንዶውስ ከበስተጀርባ ሥራ አይፈታም። የስቶር አፖችን ያድሳል፣ ዋንድራይቭ ፋይሎችን ያመሳስላል፣ የቀሩ ትንንሽ አፕዴቶችን ያወርዳል። ይሄ ሁሉ የሚበላው የናንተኑ መስመር ነው።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ኔትወርክ» የሚለውን ዓምድ ስትጫኑት ብዙ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ፕሮግራም ወደ ላይ ይመጣል። እዚያ አንዱ ሜጋቢቱን ጥርግ አድርጎ እየበላ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ሥራውን ጨርሶ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ሪስታርት አድርጉት። ሻት ዳውን አላልኩም። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለው። እሱ ከበራ ኮምፒውተሩን ስታጠፉት የሲስተሙ እምብርት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሁኔታው ዲስክ ላይ ተቀምጦ በማግስቱ እንደነበረ ይመለሳል። የተበላሸውም አብሮ ይመለሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከዜሮ ያስነሳል። «ሦስቴ አጥፍቼ አበራሁት፣ ለውጥ የለም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አንዴም ሪስታርት አላደረገም።

ችግሩ የላፕቶፑ ነው ወይስ የመስመሩ? እንዴት ልለይ?

ከሁሉም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው። ሰው ግን ይዘለውና በቀጥታ ሴቲንግ መነካካት ይጀምራል።

ስልካችሁንና ላፕቶፑን ራውተሩ አጠገብ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አስቀምጡ። ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። በሁለቱም ላይ የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለኩትን ፋስት ዶት ኮምን ወይም ስፒድቴስትን ተራ በተራ ሞክሩ፤ በአንዴ ካስኬዳችኋቸው መስመሩን ይሻማሉ። ስልኩም ላፕቶፑም እኩል ከተንቀራፈፉ አፕዴቱን ተዉት። ነገሩ ከራውተሩ ወይም ከኢንተርኔት አቅራቢው ነው፣ ካልሆነም ሰፈሩ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠበት ማታ ላይ ነው የሞከራችሁት። ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁና መልሳችሁ ሰኩት፤ ጠዋት ደግማችሁ ሞክሩ። ስልኩ እየበረረ ላፕቶፑ ብቻ ካዘገመ ግን ወደ ቀጣዮቹ ጥያቄዎች እለፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤታችሁ ውስጥ ያለው ፍጥነት ሁለት ነው። አንዱ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ያለው የዋይፋዩ ፍጥነት ነው። ሌላው ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው፣ በየወሩ የምትከፍሉበት ነው። እጃችሁ የሚገባው የሁለቱ ትንሹ ነው። የመስመራችሁ ፓኬጅ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ከሆነ ዋይፋዩ 866 ቢል ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ከ10 አታልፉም።

10 ሜጋቢት ማለት ደግሞ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው፣ ለ8 ስለሚካፈል። ፋይል ስታወርዱ 1.2 ሜጋባይት ካያችሁ ፓኬጃችሁን በሙሉ እያገኛችሁ ነው። ከአፕዴቱ ጋር የሚያያዝ ነገር የለም።

የዋይፋዩን ፍጥነት የት አያለሁ? ቁጥሩስ ምን ይነግረኛል?

ሴቲንግስ፣ ከዚያ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ዋይፋይ» ግቡና የተገናኛችሁበትን ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። ወደ ታች ስትወርዱ «ሊንክ ስፒድ»፣ «ፕሮቶኮል»፣ «ኔትወርክ ባንድ»፣ «ሴኩሪቲ ታይፕ» እና የድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም) ቨርዥን ተዘርዝረው ታገኛላችሁ። ለዚህ ሁሉ ምርመራ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ገጽ የለም። ዋይፋዩ ደህና በሆነበት ቀን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት። አፕዴት ሲያበላሸው ከምን ጋር እንደምታወዳድሩ ታውቃላችሁ።

ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የሚመጡ አይደሉም። ዋይፋይ በብዛት የሚሄደው በሁለት የሬዲዮ ሞገዶች (ባንዶች) ነው፦ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ። ካርድ የምለው ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን የዋይፋይ ክፍል ነው፤ ዋይፋይ 4፣ 5፣ 6 ደግሞ የትውልዱ ቁጥር ነው። ሁለት አንቴና ያለው የዋይፋይ 5 ካርድ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ በጥሩ ሲግናል 866 ያሳያል። የዋይፋይ 6 ካርድ በተመሳሳይ ሁኔታ 1201 ያሳያል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያለ የዋይፋይ 4 ግንኙነት ደግሞ በአንድ አንቴና 72፣ በሁለት 144 ነው። በተግባር ፋይል ሲወርድ የምታገኙት ከነዚህ ቁጥሮች ግማሽ ያህሉን ቢሆን ነው፤ ይሄ ጤነኛ ነው።

ስለዚህ በፊት 866 የነበረው ዛሬ 144 ካለ ካርዱ አልተበላሸም። ላፕቶፑ ከ5 ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ወርዷል።

ወደ 2.4 ወርዶ አገኘሁት። እንዴት ልመልሰው?

ብዙ ራውተር ሁለት ስም ያሰራጫል፤ አንዱ መጨረሻው ላይ «5ጂ» የሚል አለበት። (ይሄ 5ጂ የሞባይሉ 5ጂ አይደለም፤ 5 ጊጋኸርዝ ለማለት ነው። ግራ የሚያጋባ አሰያየም ነው፤ የ5ጂ ሲም ካርድ ካልገዛሁ አይሠራም ብሎ የተወው ሰውም አለ።) ላፕቶፑ ሁለቱንም ስም ያውቅ ከነበረ ከአፕዴቱ በኋላ ተራውን መርጦ ሊሆን ይችላል። ተራውን «ፎርጌት» በሉትና በ5ጂው ብቻ ግቡ።

ራውተሩ ሁለቱንም በአንድ ስም የሚያሰራጭ ከሆነ ምርጫው የካርዱ ነው። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ተጫኑና «ዲቫይስ ማናጀር» ግቡ። «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ሥር የዋይፋይ ካርዳችሁን ሁለቴ ተጫኑት፣ «አድቫንስድ» የሚለውን ክፈቱ። በኢንቴል ካርዶች ላይ «ፕሪፈርድ ባንድ» የሚል መስመር አለ፤ 5 ጊጋኸርዝን እንዲያስቀድም አድርጉት። አዲስ ድራይቨር ሲጫን እነዚህ ምርጫዎች ወደ ፋብሪካ አቀማመጣቸው ሊመለሱ ይችላሉ። አፕዴት ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው በዚህ መንገድ ነው፤ ምንም ሳይሰብር ምርጫችሁን ያጠፋዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው እንጂ ግድግዳ አይወድም። ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አልፎ ከሚመጣ ደካማ 5 ጊጋኸርዝ ጥሩ 2.4 ይሻላል። ፓኬጃችሁ 10 ወይም 20 ሜጋቢት ከሆነና ሲግናሉ ጥሩ ከሆነ ደግሞ በ2.4 መቆየቱ ብዙም አያጎድልባችሁም።

ባንዱ 5 ነው፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ግን አሁንም ይንቀራፈፋል።

አሁን ወደ ድራይቨሩ ደርሰናል። ከአፕዴት በኋላ ላፕቶፑ ብቻ ሲንቀራፈፍ በመጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ድራይቨር ዊንዶውስ ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። ትልቅ አፕዴት ሲገባ ዊንዶውስ የላፕቶፑ አምራች ለዚያ ሞዴል ያዘጋጀውን አንስቶ ከራሱ ክምችት ሌላ ሊያስገባ ይችላል። አዲሱ ይሠራል፤ ግን ከናንተ ካርድ ጋር ላይስማማ ይችላል። የሚታየው ምልክት ፍጥነት መውደቅ፣ በየደቂቃው መቆራረጥ፣ ወይም ቪዲዮ ደህና እየሄደ ድንገት መቆም ነው።

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካርዱን ሁለቴ ተጫኑና «ድራይቨር» የሚለውን ክፈቱ። ቨርዥኑን እዩ። ቨርዥኑ ከአፕዴቱ ጋር ከተቀየረና ችግሩም ያኔ ከጀመረ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ተጫኑ። ምክንያት ይጠይቃችኋል፤ አንዱን ምረጡና እለፉ። ሪስታርት አድርጉና እንደገና ለኩ።

ነገሩ የተገላቢጦሽም ሊሆን ይችላል። ሲስተሙ አዲስ ሆኖ ድራይቨሩ አሮጌ ከሆነ መፍትሔው አዲሱን መጫን ነው። መጀመሪያ «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ኦፕሽናል አፕዴትስ» ግቡ፤ የድራይቨር አፕዴት እዚያ ተደብቆ ይቀመጣል። ከሌለ የላፕቶፓችሁን አምራች ድረ ገጽ ክፈቱ። ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ ሁሉም የሞዴሉን ስም ወይም ከላፕቶፑ ሆድ ሥር የተለጠፈውን ቁጥር ስታስገቡ ትክክለኛውን ያወጡላችኋል። ካርዱ የኢንቴል ከሆነ ከኢንቴል ገጽም ይገኛል።

«ድራይቨርዎን በነፃ እናድስ» ከሚሉ ፕሮግራሞች ግን ራቁ። ግማሾቹ ማስታወቂያ ይዘው ይገባሉ፤ ሌሎቹ የሌላ ካርድ ድራይቨር ይጭኑና ከድጡ ወደ ማጡ ይወስዷችኋል።

«ሮል ባክ ድራይቨር» ግራጫ ሆኖ አይጫንም።

ዊንዶውስ የቀድሞውን አላስቀመጠም ማለት ነው። አሁንም መንገድ አለ። እዚያው «አፕዴት ድራይቨር» ግቡ፣ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር» ቀጥሎም «ሌት ሚ ፒክ» የሚለውን ምረጡ። ዝርዝር ይመጣል። ብዙ ጊዜ የአንዱ ካርድ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ ቨርዥን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አሁን ካለው ዝቅ ያለውን ቁጥር መርጣችሁ ጫኑና ሞክሩ። ፋይል ማውረድ አይጠይቅም፤ ካልተስማማም በዚያው መንገድ ትመለሳላችሁ።

ካርዱን «አንኢንስቶል» ከማድረጋችሁ በፊት ግን ትክክለኛው ድራይቨር በፍላሽ ላይ ይኑራችሁ። ያለዚያ ላፕቶፑ ጭራሽ ዋይፋይ አልባ ይሆንና ድራይቨር የምታወርዱበት ኢንተርኔት ታጣላችሁ። እዚያ ደረጃ ከደረሳችሁ አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ አገናኙና «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩ፤ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበለዋል።

ሊንክ ስፒዱ ከ54 አልፎ አያውቅም።

«ሴኩሪቲ ታይፕ» የሚለውን እዩ። ራውተሩ ዌፕ ወይም ቲኪፕ በሚባሉት ያረጁ መቆለፊያዎች ከተዘጋጀ የዋይፋይ ደንቡ ራሱ ከ54 በላይ አይፈቅድም። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ዳብልዩፒኤ 2 ከኤኢኤስ ጋር ቀይሩት። ለደኅንነትም ከነዚያ ይሻላል።

ቻርጀር ሲነቀል ብቻ ይንቀራፈፋል።

ይሄ ባትሪ ቁጠባ ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ በካርዱ ሥር «ፓወር ማኔጅመንት» የሚል ካለ፣ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ይሄ ገጽ የለም። እነሱ ላይ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ፓወር ኤንድ ባተሪ» ውስጥ የኃይል ምርጫውን ከፍ አድርጉ።

የምጠቀመው በስልክ ሆትስፖት ነው። አፕዴቱ ፓኬጄን ጨረሰው፤ አሁንም ይጎትታል።

በፓኬጅ የሚኖር ሰው ችግሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም፣ ኪስም ነው። አንድ ትልቅ አፕዴት ብዙ ጊጋባይት ሊበላ ይችላል። ዊንዶውስ ደግሞ ካልተነገረው በቀር ሆትስፖቱን እንደ ቤት ዋይፋይ ሊቆጥረው ይችላል።

ሁለት ነገር አድርጉ። የሆትስፖቱን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና «ሜተርድ ኮኔክሽን» አብሩ። ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን ከባድ ማውረድ ይተዋል፤ ዋንድራይቭም ራሱን ያቆማል። ቀጥሎ «ዊንዶውስ አፕዴት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ግቡ። እዚያ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር አፕዴት መቀባበልን የሚፈቅድ ማብሪያ አለ። ኢንተርኔት ላይ ላሉ ኮምፒውተሮች ጭምር ተብሎ ከተበራ ላፕቶፓችሁ ያወረደውን ለማታውቁት ሰው መልሶ ይልካል። አጥፉት። የመላኪያው መስመር ጠባብ በሆነበት ቦታ መላኩ ሲጨናነቅ ማውረዱም አብሮ ይታነቃል፤ ሰው ይሄን ሳያውቅ ነው ራውተሩን የሚሳደበው።

እዚያው ገጽ ላይ አፕዴት ከመስመሩ ምን ያህል እንዲጠቀም ጣሪያ መወሰንም ይቻላል።

ቪፒኤንና አንቲቫይረስስ?

ሁለቱም ከዋይፋዩ ጋር የሚጣበቅ የራሳቸውን ማጣሪያ ይጭናሉ። ያ ማጣሪያ ለቀድሞው ዊንዶውስ የተሠራ ከሆነ ከአፕዴቱ በኋላ ማነቆ ይሆናል። ቪፒኤኑን አጥፍታችሁ ለኩ። ፍጥነቱ ከተመለሰ ቪፒኤኑን አዲስ ቨርዥን ጫኑለት። በቪፒኤን መንቀራፈፍ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሰርቨሩ ሩቅ አገር ከሆነ የሚጠበቅ ነው።

«ኔትወርክ ሪሴት» ላድርግ?

አድርጉ፣ ግን ከላይ ያሉትን ከጨረሳችሁ በኋላ። «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ውስጥ ነው ያለው። ሁሉንም የኔትወርክ ካርዶች አውጥቶ እንደ አዲስ ይጭናል፣ የዋይፋይ ፓስወርዶቻችሁንም ይጠርጋል። የቤታችሁን ፓስወርድ ከረሳችሁት አስቀድማችሁ ከዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ቪው ዋይፋይ ሴኩሪቲ ኪይ» ብላችሁ ገልብጡት። ቪፒኤን ካላችሁ እንደገና ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል።

ጠጋኙ «ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ልስማማ?

አይ። ፎርማት ለጠጋኙ ቀላል ነው፤ ለናንተ ግን ፋይል መገልበጥ፣ ፕሮግራም ከመጀመሪያ መጫን፣ አንዳንዴም ላይሰንስ ማጣት ነው። አዲስ የተጫነውም ዊንዶውስ ያንኑ ድራይቨር ከዚያው ክምችት ካወጣ ችግሩ እንዳለ ይመለሳል። ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ ሞክሮ እንደሆነ ጠይቁት። መልሱ «ድራይቨር ፓክ ጭኜበታለሁ» ከሆነ፣ ያ ከላይ ራቁ ያልኩት ዓይነት ፕሮግራም ነውና ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከፎርማት በፊት ሌላ በር አለ። ትልቁ አፕዴት ከገባ 10 ቀን ካልሞላው ሴቲንግስ፣ «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ» ውስጥ «ጎ ባክ» የሚለው ወደ ቀድሞው ቨርዥን ይመልሳችኋል፤ የግል ፋይሎቻችሁ ባሉበት ይቆያሉ። 10 ቀኑ ካለፈ ወይም የድሮ ፋይሎችን በዲስክ ክሊንአፕ ካጠፋችሁ አይሠራም። የገባው ትንሹ ወርሃዊ አፕዴት ከሆነ ደግሞ «አፕዴት ሂስትሪ» ውስጥ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» አለ።

ወደ ኋላ ከተመለሳችሁ «ፖዝ አፕዴትስ» ብላችሁ እስከ 5 ሳምንት አቁሙት፤ ያለዚያ ነገ ያንኑ ይጭነዋል። ጭራሽ ዘግቶ መኖርን ግን አልመክርም። ወርሃዊዎቹ አፕዴቶች ሌባ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች የሚደፍኑ ናቸው።

የኔ ማክ ነው። ስልኬም አፕዴት ካደረገ ወዲህ እንዲሁ ሆኗል።

ማክ ላይ የኦፕሽን ቁልፉን ይዛችሁ ከላይ ያለውን የዋይፋይ ምልክት ተጫኑ። ቻነሉ፣ የሲግናሉ ጥንካሬና የግንኙነቱ ፍጥነት በአንድ ዝርዝር ይመጣሉ። ከአፕዴት በኋላ ፎቶዎችን ማመሳሰሉና ስፖትላይት (የማኩ ፋይል ፈላጊ) ፋይሎችን እንደገና ማደራጀቱ ለተወሰነ ጊዜ ማኩን ስለሚያስጨንቁት አንድ ሌሊት ስጡት። ድራይቨር የሚባለውን ጣጣ አፕል ራሱ ከሲስተሙ ጋር ስለሚያድሰው እዚያ የምትነኩት የለም።

አይፎን ላይ በዋይፋዩ ስም ጎን ያለውን ክብ ምልክት ነክታችሁ «ሎው ዳታ ሞድ» አለመብራቱን እዩ። አልሆን ካለ «ጄኔራል» ውስጥ ገብታችሁ «ሪሴት ኔትወርክ ሴቲንግስ» አድርጉ፤ ፓስወርዶቹ እንደሚጠፉ ግን አትርሱ። አንድሮይድም ተመሳሳይ ሪሴት አለው፤ በተጨማሪ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለውን ወደ አውቶማቲክ መልሱት።

ሁሉንም ሞከርኩ። ካርዱን ልቀይረው?

መጀመሪያ በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙትና ለኩ። በገመድም ቀርፋፋ ከሆነ ካርዱ ንጹሕ ነው፤ ዊንዶውሱ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። በገመድ ፈጥኖ በዋይፋይ ብቻ ከወደቀ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የዋይፋይ አዳፕተር ከጓደኛ ተዋሱና ሞክሩ። በሱ ከተስተካከለ ግዙ፤ ሁለቱንም ባንድ የሚይዝ መሆኑን ሳጥኑ ላይ አንብቡ፣ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 2.4 ብቻ ናቸው። የውስጡን ካርድ መቀየርም በብዙ ላፕቶፕ ይቻላል፤ በአንዳንድ ቀጫጭኖች ላይ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተበየደ አይነቀልም። ከመግዛታችሁ በፊት ይሄንን ከፍቶ የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ።